እማዬ እስክትነሣ

ኅዳር 6

ገባሁ ወንድም ጋሼ፤ ሥልጠናው ውስጥ ገባሁ። ከዋርዱ ረዳቶች የሚፈለጉት ጥቂት ነበሩ፣ አንዷ እኔ ነኝ። ጠዋት የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ስትጠራኝ የወለል ውሃ የያዘውን ባልዲ በደስታ ገለበጥኩትና ኮሪደሩን እንደ አዲስ ወለወልኩት፣ እየሳቅኩ።

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፣ አሁን ተቀበለኝ። ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ የአናጢ ቤቱ ሠራተኞችህ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ደህና ስልህ ግን አንተ በምትወደው ዓይነት ነው፦ ንጹሕ አንሶላ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ በጀርባዋ ተንጋላ። እኔ በምወደው ዓይነት ገና ናት።

በዚህ ዕድሜሽ ሰው ማንሣት ልትማሪ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም፤ አለማንሣት ልማር ነው። አትሳቅ። ከከተማ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጥታለች፣ ያንተን ትልቋን ልጅ ብታክል ነው። እንደኛ ባለ የገጠር ሆስፒታል የምንሠራ ሰዎች ያረጀ ሕመምተኛን ከአልጋ አውርደን፣ አስቀምጠን፣ አራምደን ወደ ቤቱ እንድንመልስ ልታሠለጥነን ነው የመጣችው። እስከ ዛሬ የምናውቀው ማጠብ፣ ማብላትና ማገላበጥ ነበር። በዚህ ሁሉ እንክብካቤ መሐል አዛውንቶቹ በእግራቸው ይገቡና በቃሬዛ ይወጣሉ።

ፍራሹም ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ እማዬ ደግሞ ደጋግመህ ስለጠየቅክ ደግሜ ልንገርህ፦ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ የተሰበረው ዳሌዋ ውስጥ የገባው ብረት በደንብ ይዟል፣ ትቁም፣ ትራመድ ብለው ነው የላኩልን። አልጋዋ እኔ የምሠራበት ዋርድ ውስጥ ነው። ያልተነሣችው ስላልቻለች ሳይሆን የሚያስነሣት ስለጠፋ ነው።

አንተ ግን ክፍል አሰናድቻለሁ፣ የምታገላብጣት ሴትም ቀጥሬያለሁ፣ በጥር ማለቂያ መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ ብለሃል። እሺ፣ እንዋዋል። ጥር ሳያልቅ እማዬ ከወንበር ራሷ ተነሥታ፣ ራሷ መጸዳጃ ቤት ደርሳ ከተመለሰች፣ በገዛ ቤቷ ከኔ ጋር ትኖራለች። ካልቻለች ጓዟን የምጠቀልልልህ እኔው ነኝ፤ አንድ ቃል አልናገርም። ይህ ለኔ ምን ያህል ከባድ ውል እንደሆነ «ራዲዮ» ብለህ የሰየምከኝ አንተ ታውቀዋለህ።

እህትህ

ኅዳር 24

ወንድም ጋሼ፣ ደብዳቤህ ደርሶኝ መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ። ማታ ማታ ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። ምንም ሳይነኩ መዋል ይህን ያህል ያደክማል ብሎ ማን ነገረኝ?

ምን ተማራችሁ ላልከው ይኸውልህ። አሠልጣኟን «እጅ ወደ ኋላ» ብለናታል። ሕመምተኛ አጠገብ ስንቆም እጃችንን ከጀርባችን ታስቆላልፈናለች። መጀመሪያ ሰውዬው ራሱ ይሞክር፤ ካቃተው በአፍ ምሩት፤ እሱም ካቃተው ያኔ እጃችሁን አውጡ ነው የምትለው። እንደዚያ ተደርድረን የበሩ ዘበኛ አየንና «እነዚህን ደግሞ ማን አሰራቸው?» አለ።

አንድ ቀን እኛኑ አልጋ ላይ አስተኛችን። ማትሮኗን ዘበኛው ሾርባ እንዲያበላት ታዘዘ። ማንኪያውን አከታትሎ ይዶልላታል። «ቆይ እስቲ ልዋጥ» ትለዋለች፤ «ጎበዝ እማማ፣ ይቺን ብቻ» ይላታል፣ ቁርጥ እኛ እንደምንለው። ከዚያ ሽንቷ መጣ። አሠልጣኟ «ትንሽ ይታገሡ፣ የሚወስድዎት ሰው እየፈለግን ነው» አለቻት። ታገሠች፣ ታገሠችና ብርድ ልብሱን ወርውራ ብድግ አለች።

«በእግሯ መሄድ አትችልም ያላችሁ ማነው?» አለች፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

አሠልጣኟም ወደኛ ዞራ «ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ» አለችን።

ጨጓራዬን የላጠው ግን ሠራተኛው አይደለም፤ ጠያቂው ነው። አንዱን አባት ለምነን፣ አባብለን፣ አልጋው ጫፍ ላይ እናስቀምጠዋለን። ልጁ ይመጣና «አባቴን ለምን ታሰቃዩታላችሁ?» ብሎ እንደ ሕፃን አቅፎ መልሶ ያጋድመዋል። ከዚያ እኛን ይሰድበናል፤ ለመሸከም የሰነፍን ነው የምንመስለው። ደሜ ፈልቶ አንዱን «አንተን ሲያሳድጉህ እስከ ስንት ዓመትህ ተሸከሙህ?» ብዬው ማትሮኗ ተቆጣችኝ።

እማዬማ ከሁሉም ትብሳለች።

«እግርሽን ወደ ታች አውርጂ እማዬ።»

«ለምን ሲባል?»

«እንዲጠነክር ነዋ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ቤት ቆሜ ጨርቅ ስለካበት ጠንክሮ የለም? አሁን ተራው የእረፍት ነው።»

«ዝም ብለሽ ከተኛሽ እንደተኛሽ ትቀሪያለሽ እኮ።»

«ሰማችሁ?» ትላለች ለዋርዱ ሁሉ። «የወለድኳት ልጅ ናት። ወንድሟ ቢሆን ተሸክሞኝ ይዞር ነበር።»

በዚህ ላይ ፍራሽህን ከሥሯ አንሥቼዋለሁ፤ አትቀየመኝ። ለስላሳ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን እንደ ጭቃ ይዞ አይለቅም፤ እኔ ራሴ ተኝቼበት በሰው እርዳታ ነው የወጣሁት። አሁን ለመጣው ጠያቂ ሁሉ «ልጄ የላከልኝን ፍራሽ ይቺው ልጄ ሰረቀችኝ» እያለች ትከሰኛለች። ሰዉም በኀዘን አንገቱን ይነቀንቅልኛል።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

እህትህ

ታኅሣሥ 8

ለእህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን።

«ሌላ አዲስ ነገር የለም» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ክር ልትገዛ መጥታ ሱቄ ጎራ ብላ ነበር። ደብዳቤሽን በጻፍሽበት ሳምንት እማዬ ባንቺ እጅ ላይ ሳለች ወለል ላይ እንደወደቀች፣ አራት ሰው እንዳነሣት ነገረችኝ። ሠራተኞቼ እየሰሙ ነው የነገረችኝ።

እጅ ወደ ኋላ ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብን። እኔ አናጢ ነኝ፤ እግሩ የተሰነጠቀ ወንበር ላይ ሰው አላስቀምጥም። ያቺ ልጅ ነገ ወደ መጣችበት ትመለሳለች፤ እማዬ ግን ሌላ ዳሌ የላትም።

ተሽከርካሪ ወንበር ልኬያለሁ። እስክመጣ ድረስ ከዚያ ላይ እንዳታወርጃት። ውል ገብቻለሁና ጥር እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ ክፍሉ ግን ቀለሙ ደርቋል።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 14

ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ። መጀመሪያ ይቅርታውን ውሰድ፣ ከዚያ እንጣላለን።

ልብስ ሰፊዋ አራት ካለች ሁለት ነበርን። አልወደቀችም፣ ተንሸራተተች፤ ጫማዋን ሳላደርግላት በካልሲ ብቻ አቆምኳት፣ ወለሉም ገና ተወልውሎ ነበር፤ ቀስ እያለች እጄ ላይ ወርዳ መሬት ተቀመጠች። ሐኪሙ አገላብጦ አይቷታል፣ ዳሌዋ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የሥልጠናው አይደለም፤ ጫማ ሳይደረግ ማንም አይነሣም ተብሎ ተነግሮኝ ነበር፣ ቸኩዬ ነው። ለምን ደበቅሽኝ ላልከው፣ አንተ እዚያ ሆነህ ስትጮህ እዚህ ድረስ ስለሚሰማኝ ነው።

የከፋው ግን መንሸራተቷ አይደለም። ከዚያ ወዲህ እግሯን ወለሉን አላስነካም ብላለች። ፈራሁ አትልም፤ መቼ ታምናለች። «ዛሬ ብርድ ነው» ትላለች፤ በማግስቱ «ዛሬ ሙቀት ነው» ትላለች። አሠልጣኟ አጠገቧ ተቀምጣ ጫማዋን እያሳየች ታባብላታለች። እማዬም ጫማውን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አይታ «ጥሩ ጫማ ነው፣ ለሚራመድ ሰው ስጪው» ብላ መለሰችላት።

ተሽከርካሪህም በዚህ መሐል ደረሰ። አሁን ንግሥት ሆናለች። የመጣ ሁሉ ይገፋታል፤ እስከ ግቢው ዛፍ ወስደው ይመልሷታል፤ ቡና ቤት ያለች ይመስል ሁሉን ከተቀመጠችበት ታዛለች። አንተም እንደተደሰትክ አውቃለሁ። እግሯን ግን ብታይ፣ ጨርቅ የጠቀለሉበት እንጨት መስሏል። አሠልጣኟ ትናንት ታፋዋን በሜትር ለካችና «ከስቷል» ብላ ሜትሩን አጣጠፈችው። ያቺ ቃሏ ካንተ ደብዳቤ የበለጠ አስደነገጠኝ። ጥር እየመጣ ነው፤ እኔም በሆዴ ጓዟን መጠቅለል ጀምሬያለሁ።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስማና ፍረደኝ። የድሮው ትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፣ አንተን ከአጥር ላይ በጆሮህ ያወረደህ፣ ወንዶች ክፍል ተኝቷል። ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ሰንፎበታል፤ እሱ ግን ታዛዥ ነው፣ ከዘራውን ይዞ ኮሪደሩን ይለማመዳል። ዛሬ ጠዋት እኛ በር ላይ ደረሰና ባርኔጣውን አነሣ። እማዬ ስታየው ማንም ሳይነግራት ሁለት እጇን የተሽከርካሪው ክንድ ላይ ጫነች፣ ወደ ፊት አዘነበለች፣ መቀመጫዋ ብድግ ማለት ጀመረ። ታውቃታለህ እኮ፤ ጨርቅ ልትገዛ የመጣችን ሕፃን እንኳ ተቀምጣ ተቀብላ አታውቅም።

ይኼኔ ዳይሬክተሩ «ኧረ በልጆችዎ ሞት፣ አይነሡ» አላት።

ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ልትነሣልን የነበረችውን ሴት በኔና ባንተ ሞት አስቀመጣት። አሠልጣኟ ኮሪደር ወጥታ ግድግዳውን በግንባሯ ተደገፈች። እኔም አጠገቧ ተደገፍኩ።

እህትህ

ታኅሣሥ 27

ወንድም ጋሼ፣ ሰውዬውን ለምን አልነገርሽውም ብለህ የጻፍክልኝን ሳነብ ሳቄ መጣ። አልነገርኩትም? ነግሬ ነግሬ ምላሴ ቆሰለ።

«ዳይሬክተር፣ ሲመጡ አይነሡ አይበሏት» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ምንም። እስክትነሣ ዝም ብለው ይቁሙ።»

«ዳሌዋ የተሰበረ ሴት እስክትነሣልኝ ተገትሬ ልያት? እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም።»

አሠልጣኟም አስረዳችው። የሰው እግር ካልሠራ እንዴት እንደሚከሳ፣ መነሣት ራሱ መድኃኒት እንደሆነ፣ ሁሉን ነገረችው። እንደ ጎበዝ ተማሪ አንገቱን ነቀነቀ። በማግስቱ መጣ፤ እማዬ እጇን ጫነች፣ አዘነበለች፤ እሱም «ምነው፣ ምነው፣ በሞቴ» አለ። ተቀመጠች። «ይቅርታ፣ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለን።

እሱን ስንይዝ ደግሞ ሌላው ያመልጣል። ዋርዱን የሞላው ጠያቂ እማዬ ንቅንቅ ባለች ቁጥር በአንድ አፍ «አትነሺ» ይላታል። የሌላ ሕመምተኛ ጠያቂ ሳይቀር፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ሳይቀር። አክብሮት ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢሆንማ ተጣልቼ በገላገልኩት። አሠልጣኟ ቁጭ ብላ «እጃችሁን ወደ ኋላ አስደርጌያችኋለሁ፤ አፍ ወደ ኋላ እንዴት ይደረጋል?» አለችን።

መልሱን ያመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳይሬክተሩ። ዝም ብሎ ማየት ካልቻለ አለማየት ይችላል ለካ። ባለፈው ጠዋት በሩ ላይ ደረሰ፣ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በደህነኛው እጁ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ። የኮቱን ፈተሸ፣ የሸሚዙን ፈተሸ፣ ተመልሶ የኮቱን ፈተሸ። እማዬ አየችው። ጠበቀች፤ «አይነሡ» የሚላት የለም። እጇን ጫነች፣ እግሯን ወደ ራሷ ሳበች፣ አፍንጫዋን ከእግር ጣቷ አሳልፋ አዘነበለች። አሠልጣኟ ስታስተምራት አልሰማም ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞር የነበረችው ሴትዮ አንዱንም አልረሳችም። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ሁለት እጆቼ ከጀርባዬ ተቆላልፈው ጥፍሬ መዳፌን ሊበሳው ነበር።

ቆመች።

«መነጽርዎን ከሆነ የሚፈልጉት ዓይንዎ ላይ ነው» አለችው።

«አይ እርጅና» አለ ዳይሬክተሩ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ያዘ። ከዚያ ሰላምታውን ጀመረ። የሱን ሰላምታ ታውቀዋለህ፤ ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ የሞተው ሁሉ ይጠየቃል። ዕድሜ ልኬን ያሰለቸኝ ሰላምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፣ እማዬ እስኪያልቅ ቆማ መለሰችለት።

አሁን ጠያቂው ሁሉ በር ላይ ሲደርስ ኪሱን እንዲፈትሽ ታዟል። ማትሮኗ ራሷ ኮሪደር ላይ ቆማ ታሠለጥናቸዋለች። ዘበኛው ሰዉ ሁሉ ኪሱን ሲዳብስ አይቶ ሌባ ገብቷል ብሎ በሩን ዘጋብን።

እማዬ አልገባትም እንዳትል። «ያ ሰውዬ በየቀኑ መነጽሩን ይጥላል?» አለችኝ።

«እርጅና ነው እማዬ።»

ነጠላዋን አስተካከለችና «እንግዲያስ ነገም መጥቶ ይፈልግ» አለች።

ስማኝ ወንድም ጋሼ። ተሽከርካሪህን እግሩን ላጣ አንድ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ለሱ እግር ሆኖታል፣ ይመርቅሃል። ለእማዬ የሚያስፈልጋት ከእጅህ የሚወጣ ወንበር ነው። ደረቅ፣ ጠንካራ፣ በሁለቱም ጎን ክንድ ያለው፤ እግሯ መሬት ሞልቶ እንዲረግጥ ቁመቱ ከጉልበቷ ሥር እስከ ተረከዟ። የአሠልጣኟ ሜትር እጄ ላይ ስላልነበረ እማዬ ጨርቅ ቤት ታደርገው እንደነበረው በክር ለክቼ ክሩን ፖስታው ውስጥ ከትቼልሃለሁ። ስፖንጅ እንዳታደርግበት። አውቅሃለሁ፣ ልታደርግበት ነው፤ አታድርግበት።

እህትህ

ጥር 5

ለእህቴ፣

ክሩ ደርሶኛል። መጀመሪያ የተቆረጠ መስሎኝ ፖስታውን ደግሜ ፈተሽሁት። እማዬ ይህችን ያህል ናት? እኔ በማስታውሳት ጨርቅ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያለ መሰላል ትደርስ ነበር።

ወንበሩን ለሠራተኛ አልሰጠሁም፣ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ክንዶቹን እጇ እንዳይሻክራት በደንብ ልጌአቸዋለሁ። ስፖንጅ አላደረግሁም። ትንሽ ጨርቅ ልለጥፍበት ብዬ ተውኩት። በነገው አውቶቡስ ይመጣል፤ ሾፌሩን እንዳይቀመጥበት አስጠንቅቄዋለሁ።

የዳይሬክተሩን ነገር ለሠራተኞቼ ነግሬያቸው ሳቁ። እኔ ግን እዚያ ብሆን ኖሮ «አትነሺ» ብዬ ሮጬ እይዛት ነበር። አሁንም የምይዛት ይመስለኛል።

መቆሟን ሰምቻለሁ። ውላችን ግን መቆም ብቻ አልነበረም። ራሷ ሄዳ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም? ይህን ብቻ ጻፊልኝ፤ ቆንጆ አድርገሽ ሳይሆን እንደሆነው። ባለቤቴም ክፍሉን ምን እናድርገው እያለች ነው።

ወንድምሽ

ጥር 16

በሩን ዘጋችብኝ፤ ወንድም ጋሼ፣ እማዬ የመጸዳጃ ቤቱን በር ፊቴ ላይ ዘጋችብኝ።

ሰላምታ ቀጥሎ ይመጣል፤ አስቀድሜ እንደሆነው ልጻፍልህ፣ ቆንጆ ሳላደርገው። እቤት ከገባች ሰንብታለች። ወንበርህ መስኮቱ ሥር ነው። ዛሬ ቁርሷን በልታ እንደጨረሰች እጇን ክንዶቹ ላይ ጫነች፣ አዘነበለች፣ ተነሣች። ምርኩዟን በደህናው እግሯ በኩል ባለው እጇ ያዘች፤ ሰው ሁሉ በታመመው በኩል ይይዘዋል፣ እሷ አልተሳሳተችም። እኔ ከኋላ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ወሬዬን እያወራሁ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«የት ልትገቢ ነው?» አለችኝ።

«ምናልባት ብዬ ነዋ።»

«ምናልባትሽን ይዘሽ እዚያው ጠብቂ። ወሬሽንም ቀንሺ።»

ከዚያ ዘጋችው። ዳሌዋ ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ ሰው ሳያያት መጸዳጃ ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። እኔ ያንን አስቤው አላውቅም፤ እሷ ግን እያንዳንዷን ጊዜ ስታስበው ኖራለች ለካ። ውሃው ሲወርድ ሰማሁ። እጇን ስትታጠብ ሰማሁ። ስትወጣ ግድግዳ ተደግፌ ሳለቅስ አይታ «ደግሞ ምን ሆንሽ?» አለችና አልፋኝ ሄዳ ወንበርህ ላይ ተቀመጠች። ክንዱን በመዳፏ እየዳበሰች «ይሄ ልጅ እጁ ወርቅ ነው፤ ፍራሽ ላይ ነው እንጂ ያልሆነለት» አለች።

እንግዲህ ውል ውል ነው። ስለ ክፍሉም ጠይቄልሃለሁ። «ለጥየቃ ስሄድ እተኛበታለሁ። ቀለሙ ምንድን ነው?» ብላለች። አረንጓዴ ከሆነ ቀይርልን፤ አረንጓዴ የሆስፒታል ነው ትላለች።

ለጤናህ እንዴት ነህ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ከመበሳጨት በስተቀር። ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣና ካላበላሁ ይለኛል። ልብስ ሰፊዋ ትናንት የእማዬን ጫማ ልታስርላት ጎንበስ ስትል በጣቴ ትከሻዋን ጠቅሼ አስነሣኋት። አሠልጣኟ ሥራዋን ጨርሳ ወሩ ሲያልቅ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ አዲስ ለሚመጡት ሠራተኞች እጅ ወደ ኋላ የምናስተምረው እኔና ማትሮኗ ነን። ማትሮኗ የሾርባውን ነገር በየሥልጠናው ካልደገምነው ብላለች፤ ዘበኛው አሁንም ያበላት እንደሆነ እንጃ።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ደግሰናል። መኪናህን ይዘህ ና፣ ግን ባዶውን ይዘህ አትምጣ፣ ባለቤትህንና ልጆቹን ሞልተህ አምጣ። መጀመሪያ የምትገባው አንተ ነህ። አውቅሃለሁ፤ ወንበሩ ላይ ስታያት ሆድህ ይባባል፣ ትሮጣለህ፣ ያቺን ቃል ትላለህ። አትበላት። በሩ ላይ ቁም፣ መሬት መሬቱን እያየህ ኪስህን ፈትሽ፤ ቁልፍህን ፈልግ፣ ምንም ከሌለህ ያቺን ክር ፈልግ። ባለቤትህ ቦርሳዋን ትፈትሽ፣ ልጆቹም የሚፈትሹት አይጠፋቸውም። «ምን ጠፋችሁ?» የሚል ድምፅ ከላያችሁ ስትሰሙ ቀና በሉ፤ ያኔ ቆማለች።

ዳይሬክተሩ ይመጣል፣ አሠልጣኟ ትመጣለች፣ ማትሮኗም ዘበኛውም ተጠርተዋል። ልብስ ሰፊዋንም ጠርቻታለሁ፣ በዓይኗ አይታ እንድታወራው። እሑድ፣ ጥር 24፣ ከምሳ በፊት። ማንም እንዳይቀር።

እህትህ